እናት ከቤት ሠራተኛቸው ጋር አሜሪካ ሲሄዱ፦ ከጅማ ለሚነሱ ቤተሰቦች የቪዛ አሠራር መመሪያ

ዕድሜያቸው የገፋ እናት አሜሪካ ያለ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲሰናዱ፣ «እሷስ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ ይነሳል። እሷ ማለት ለዓመታት አብራቸው የኖረችው የቤት ሠራተኛ ናት፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጠው፣ ሌሊት ሲነሱ የምትደግፋቸው። የአሜሪካ የቪዛ ደንብ አብራቸው እንድትሄድ ይፈቅዳል፤ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። እናት የሚያመለክቱት ለጉብኝት በሚሰጠው ቢ2 ሲሆን፣ ሠራተኛዋ የምታመለክተው በቢ1 ነው። ቢ1 በተለምዶ የንግድ ጉዞ ቪዛ ቢባልም፣ አሠሪውን ተከትሎ የሚሄድ የቤት ሠራተኛም የሚስተናገደው በዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ፦ ሠራተኛዋ የምትሄደው የእናት ሠራተኛ ሆና ነው፤ አሜሪካ ያለው ልጅ ሠራተኛ ሆና አይደለም። ከታች ያለው ሁሉ፣ ውሉም ደመወዙም የቃለ መጠይቁ መልስም፣ ከዚህ ይመነጫል። ይህ እውነት ካልሆነ ወረቀቱን በማሳመር የሚስተካከል ነገር የለም።

መጀመሪያ ይህ መንገድ ለእናንተ መሆኑን ለዩ

ሠራተኛዋ የምትፈለገው ለበረራው ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ ተዉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ተነስቶ፣ አውሮፕላን ሳያስቀይር ዋሽንግተን ደለስ ያደርሳል። ትኬት ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከበረራው 48 ሰዓት አስቀድሞ፣ የዊልቸር አገልግሎት ከተጠየቀ እናትን ከቦሌ እስከ ሻንጣ መቀበያው እየገፋ የሚያደርስ ሰው ይመደባል። ለዚህ አገልግሎት ክፍያ የለውም። ቋንቋ የሚያስቸግራቸው ከሆነ የልጅን ስልክ፣ የሚያርፉበትን አድራሻና የመድኃኒት ዝርዝራቸውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርታቸው ጋር አያይዙላቸው። ለብዙ ቤተሰብ መፍትሔው ይኸው ነው።

እናት ግሪን ካርድ ካላቸው መንገዱ ከነጭራሹ ዝግ ነው። ካርዳቸው እንዳይቃጠል በየጊዜው እየተመላለሱ ጅማ የሚኖሩ እናቶች አሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ግን እሳቸው ቋሚ ነዋሪ እንጂ ጎብኚ አይደሉም። ቋሚ ነዋሪ ደግሞ የቤት ሠራተኛ በቢ1 ይዞ መግባት አይችልም። ወረቀት ማዘጋጀት ሳትጀምሩ ይህን አጣሩ።

የልጅ ልጆችን እንድትጠብቅ የታሰበ ከሆነም አይሆንም። በቢ1 የምትሄድ የቤት ሠራተኛ ሌላ ቀጣሪ ሊኖራት አይችልም። እግረ መንገዷን ሕፃን አቅፋ ብታባብል ማንም አይከሳትም፤ ልጅና ምራት ሥራ ሲገቡ ቤቱ በእሷ እጅ የሚውል ከሆነ ግን እውነተኛው አሠሪ ልጅ ሆኗል።

በእኛ አገር ብዙ የሚያጋጥም ሌላ ጉዳይም አለ። ከሰቃ ወይም ከአጋሮ መጥታ እናት ቤት ያደገች፣ የምትማር፣ ቤቱን የምታግዝ፣ ደመወዝ ግን የማትቀበል የዘመድ ልጅ አለች እንበል። ይህች ልጅ ተቀጣሪ አይደለችም፤ ለቪዛ ተብሎም የሐሰት የሥራ ውል ሊጻፍላት አይገባም። የእናት አጃቢ ሆና እንደ ማንኛውም ጎብኚ በቢ2 ታመልክት፤ ዝምድናዋንና አብራ መኖሯን የሚያሳይ ማስረጃ ትያዝ፤ እዚያ ደርሳም በክፍያ አትሥራ። የዚህ ተገላቢጦሽም አይፈቀድም፦ ደመወዝ የሚከፈላትን ሠራተኛ «የእህቴ ልጅ ናት» ብሎ በቢ2 መላክ ማታለል ነው። ከተደረሰበት ለዕድሜ ልክ ቪዛ የሚያስከለክል ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ልጅቷን ነው።

የቆይታውንም ርዝመት አስቡ። ሠራተኛዋ አሜሪካ ከገባች በኋላ ሥራ ለመጀመር የሥራ ፈቃድ ካርድ ማውጣት አለባት፤ ካርዱ ደግሞ የሚደርሰው በወራት ነው። ለአምስትና ለስድስት ሳምንት ጉብኝት ካርዱ ሳይደርስ የመመለሻው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ይህ መንገድ ትርጉም የሚኖረው እናት ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆዩ ሲያስቡ፣ አቅሙ ሲኖራቸውና ያለ ሠራተኛዋ መኖር የማይችሉ ሲሆኑ ነው።

ደረጃ 1፦ የአንድ ዓመቱን ማስረጃ ማደራጀት

ደንቡ ሠራተኛዋ ቢያንስ የአንድ ዓመት የቤት ሠራተኝነት ልምድ እንዲኖራት ይጠይቃል። ከዚህ በተጨማሪ እናት አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ ለአንድ ዓመት እሳቸው ዘንድ የሠራች መሆን አለባት። አንድ ዓመት ያልሞላት ከሆነ፣ የሥራ ግንኙነቱ ከማመልከቻው በፊት የነበረ መሆኑን፣ እናትም ላለፉት ዓመታት ሠራተኛ እየቀጠሩ የኖሩ መሆናቸውን ማሳየት ይቻላል። ይህኛው ግን ለማስረዳት የሚከብድ በመሆኑ አንድ ዓመት ቢሞላት ይመረጣል።

ችግሩ የት እንዳለ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ከዳውሮ፣ ከየም ወይም ከከፋ የመጣች ሠራተኛ በደላላ ወይም በዘመድ ተገኝታ በቃል ትቀጠራለች፤ ደመወዟ በእጅ ይሰጣታል፣ ወይም እናት ዘንድ ይጠራቀምላታል። አምስት ዓመት ብትሠራም አንድ ወረቀት የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን በቀጥታ ስለማይሸፍን፣ ጻፉ ብሎ የሚያስገድድም አልነበረም። ቪዛውን የሚወስነው የኤምባሲው ቆንስል ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ስለዚህ ጉዞው ሲታሰብ፣ ከተቻለ ከዓመት በፊት፣ እነዚህን ጀምሩ። በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ይከፈትላት፤ ደመወዟም በየወሩ በተወሰነ ቀን ከእናት ሒሳብ ወደ እሷ ይተላለፍ። የማስተላለፊያው ምክንያት ላይ «የወር ደመወዝ» ተብሎ ይጻፍ። እስካሁን እናት ዘንድ የተጠራቀመ ገንዘብ ካለ በአንድ ጊዜ ይከፈላት፤ ለምን ያህል ወር እንደሆነ የሚገልጽ ደረሰኝም ሁለቱ ይፈርሙበት። የሥራ ውል በጽሑፍ ይደረግ፤ የሚፈረምበት ቀን ግን ትክክለኛው የዛሬ ቀን ይሁን። «ከመቼ ጀምሮ እየሠራች እንደሆነ» የሚለው በውሉ ውስጥ ይገለጻል እንጂ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ አይጻፍም። የሁለት ጎረቤት ምስክርነት፣ እሷ በእናት ቤት ነዋሪነት የተመዘገበችበት የቀበሌ ማስረጃ፣ እናትን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስታስታምም የፈረመችበት ወረቀት ካለ እሱም ይሰብሰብ።

ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በሒሳቧ ብዙ ገንዘብ ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። በወር 3,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ ሒሳብ ላይ ድንገት 200,000 ብር ሲታይ የሚጠረጠረው ያ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው የዓመት ደመወዝም አብሮ ይጠረጠራል።

ደረጃ 2፦ ጅማ ውስጥ የሚያልቁ ወረቀቶች

ቅድሚያ ስም ይስተካከል። ብዙ ሠራተኞች ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስምና በልደት ማስረጃቸው ላይ ያለው ስም የተለያየ ነው። ውሉ «አልማዝ» ብሎ ፓስፖርቱ «አለሚቱ» ካለ፣ የአንድ ዓመቱ ማስረጃ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፓስፖርትና ውል አንድ ዓይነት ስም፣ በላቲን ፊደልም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑራቸው። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ ልደት፣ ቀጥሎ ፋይዳ፣ ከዚያ ፓስፖርት። የመጀመሪያው ላይ የተሳሳተ ፊደል እየተከተለ መጨረሻው ይደርሳል።

የልደት ማስረጃዋ የሚወጣው ከትውልድ ወረዳዋ ከሆነ ለመንገዱም ለቢሮውም ጊዜ ስጡት። ፓስፖርት በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ተመዝግቦ፣ ተከፍሎ፣ በቀጠሮ ቀን አሻራና ፎቶ በመስጠት ይወጣል፤ ጅማም ቅርንጫፍ ስላለ ምዝገባው ላይ ጅማን ምረጡ። ፓስፖርቱ ከታሰበው የመመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።

የጅማ ቀበሌና የከተማ አስተዳደር ወረቀቶች የሚሰጡት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከዳውሮ ወይም ከከፋ የሚመጡት ደግሞ በአማርኛ። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለባቸው። ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ፤ ከዋናው ጋርም አያይዙ። ተርጓሚው ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይር ራሳችሁ አረጋግጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ሁሉንም በ8 የሚያሰላ ሰው ብዙ ነው። ለምሳሌ መስከረም 5 ቀን 1948 ዓ.ም. የተወለዱ እናት የልደት ቀናቸው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1955 እንጂ 1956 አይደለም። ፓስፖርቱ ላይ አንዴ የታተመ ቀን ካለ ግን ቅጹ ላይ የሚሞላው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ የሥራ ውሉ

ማመልከቻው የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ውሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ እሷ በሚገባት ቋንቋም፣ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ፣ አብሮ ይዘጋጃል። ማንበብ የማትችል ከሆነ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው ያንብብላት። ሁለቱም ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂ በእሷ እጅ ይሁን። ጅማ ላይ በውልና ማስረጃ ማስመዝገቡ ለኤምባሲው ግዴታ ባይሆንም ፊርማው የማን እንደሆነ ስለሚያረጋግጥ ይጠቅማል።

የሚከተሉት ሐሳቦች በውሉ ውስጥ በግልጽ መስፈር አለባቸው፦

- «አሠሪዋ ለሠራተኛዋ በቀን ለ8 ሰዓት ሥራ በሰዓት … የአሜሪካ ዶላር ይከፍላሉ፤ ይህም በሚኖሩበት ስፍራ ካለው ዝቅተኛ ወይም የተለመደ ደመወዝ ከሁለቱ ከሚበልጠው አያንስም።»
- «መኝታና ምግብ በነፃ ይሰጣታል፤ ለዚህ ተብሎ ከደመወዟ አይቀነስም።»
- «የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት አሠሪዋ ይከፍላሉ።»
- «በአሜሪካ ቆይታዋ ብቸኛ አሠሪዋ ወይዘሮ … ናቸው።»
- «አሠሪዋ ውሉን ለማቋረጥ ሲፈልጉ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ሠራተኛዋ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ማስጠንቀቂያ እንድትሰጥ አትገደድም።»
- «ፓስፖርቷንና የውሏን ቅጂ ራሷ ትይዛለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት እንድትቀመጥ አትገደድም።»

ሥራዋንም በዝርዝር ጻፉ፦ መድኃኒት ማስታወስ፣ ገላ ማጠብ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መሄድ። «የቤት ሥራ በሙሉ» የሚል አንቀጽ የልጅ ቤት ሠራተኛ ያስመስላታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ሲሆን ቴክሳስ የምትሠራው በዚሁ ነው። ቨርጂንያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ናት። ሜሪላንድ 15.00 ሆና፣ አንዳንድ ካውንቲዎቿ (በግዛቱ ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ከዚያ ይበልጣሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ሲሆን በየዓመቱ ጁላይ ላይ ይስተካከላል። ይህ ወለሉ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየካውንቲውና በየሥራው ዓይነት የተለመደውን ደመወዝ በድረ ገጹ ያወጣል፤ እዚያ ያለው ከዝቅተኛው ከበለጠ የሚከፈለው እሱ ነው። ስትፈልጉ የቤት ጽዳትን ሳይሆን ሠራተኛዋ በእርግጥ የምትሠራውን፣ ለምሳሌ የአረጋውያን እንክብካቤን፣ ምረጡ። ገጹንም አትማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙ።

ቨርጂንያን በዝቅተኛው ብንወስድ 12.77 በ8 ሰዓት 102.16 ዶላር በቀን፣ በ5 ቀን 510.80 በሳምንት፣ በ12 ሳምንት 6,129.60 ዶላር ይመጣል። ሁለት የደርሶ መልስ ትኬት፣ የቪዛ ክፍያና የጤና መድን ይጨመርበት። በጅማ የሚከፈላትን ደመወዝ ወደ ዶላር ቀይሮ ውሉ ላይ መጻፍ በዚህ ጉዳይ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ ተደጋጋሚው ነው፤ ማመልከቻው እዚያው ላይ ያበቃል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የቡና ንግድ፣ የሚከራይ ቤት ወይም ድርጅት ያላቸው እናት የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ያቀርባሉ። በጡረታ ብቻ የሚተዳደሩ እናት ይህን ውል ቢፈርሙ ግን ቆንስሉ አያምናቸውም፤ ባያምናቸውም አይፈረድበትም። ልጅ ለእናቱ ጉዞ ገንዘብ የሚረዳ ከሆነ መደበቅ አያስፈልግም። ደመወዙን እሱ በቀጥታ ለሠራተኛዋ የሚከፍል ከሆነ ግን አሠሪው እሱ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ያደርሳል። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ ካልመለሳችሁት የኤምባሲው መስኮት ላይ አትመልሱትም።

ደረጃ 4፦ ዲኤስ-160 ቅጽ፣ ክፍያና ቀጠሮ

እያንዳንዳቸው ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ለየራሳቸው ይሞላሉ። ቅጹ ያለው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲሆን አድራሻው በ«ነጥብ ጎቭ» ያልቃል፤ በሌላ የሚያልቅ ገጽ ላይ አትክፈሉ። ቅጹን መሙላት በራሱ ነፃ ነው። ገጹ ለ20 ደቂቃ ያህል ካልተነካ ስለሚዘጋ፣ ሲከፈት የሚሰጠውን የማመልከቻ ቁጥር ወዲያው ጻፉ፤ በየገጹም አስቀምጡ። ጅማ ላይ መብራትና ኔትወርክ መሃል ላይ ሲሄድ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተነሳ፣ መነጽር የሌለበት ይሁን። ሻሽ ወይም ሒጃብ በሃይማኖት ምክንያት ይፈቀዳል፤ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት።

ሰው የሚሳሳትባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። «አብሮዎት የሚጓዝ አለ?» ለሚለው ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን ስም ይጻፉ፤ እናት ብቻ ጽፈው ሠራተኛዋ «የለም» ካለች ሁለቱ ማመልከቻዎች አይገናኙም። የጉዞ ዓላማ ላይ እናት ቢ2፣ ሠራተኛዋ ቢ1 ይመርጣሉ። «ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?» ለሚለው ሠራተኛዋ የአሠሪዋን ስም ትጽፋለች። «የስደተኛ ቪዛ ማመልከቻ ገብቶልዎት ያውቃል?» የሚለው ለእናት ወሳኝ ነው፤ ዜግነት ያገኘ ልጅ ከዚህ በፊት አመልክቶላቸው ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው። ኤምባሲው ፋይሉን ያየዋል፤ ደብቀው ከተገኙ የሚከለከሉት ጉብኝቱን ብቻ ሳይሆን የወደፊቱንም ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የተጠቀሙባቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞችም ይጠየቃሉ፤ ሠራተኛዋ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ካላት ይሞላ። ቅጹን ሌላ ሰው ከሞላላቸው መጨረሻ ላይ የረዳቸው ሰው ስም ይጻፍ፤ ማገዝ ክልክል አይደለም።

የማመልከቻ ክፍያው ከጁን 2023 ጀምሮ ለአንድ ሰው 185 ዶላር ነው፤ ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም። ተጨማሪ ክፍያ ወይም ማስያዣ ተጥሎ እንደሆነ በከፈላችሁበት ሳምንት የኤምባሲውን ገጽ እዩ። ቀጠሮውን በአንድ መዝገብ ላይ ለሁለቱም በአንድ ቀንና በተቀራረበ ሰዓት ያዙ። ዕድሜያቸው ከ79 ዓመት በላይ የሆኑ እናቶች ያለ ቃለ መጠይቅ ይስተናገዱ የነበረው አሠራር ከሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ጀምሮ ስለቀረ፣ የ85 ዓመት እናትም አዲስ አበባ መቅረብ አለባቸው።

ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእናት ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ መብረሩ ይሻላል። በክረምት በረራ ሊዘገይ ስለሚችል በቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ደረጃ 5፦ ቃለ መጠይቁ

ኤምባሲው በእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ስልክና ትልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይቻል የሚጠብቅ ሰው ውጭ ይኑር። ሁለት የተለያዩ ማህደሮች አዘጋጁ፤ የእሷ በእሷ እጅ ይሁን። የእናት ማህደር ፓስፖርት፣ የቅጹን ማረጋገጫ፣ የገቢና የንብረት ማስረጃ፣ የቆየ የጉዞ ታሪክ ካለ አሮጌ ፓስፖርት ይይዛል። የእሷ ማህደር ፓስፖርት፣ ማረጋገጫ፣ ውሉን በሁለቱም ቋንቋ፣ የዓመት ደመወዝ ማስረጃዋን፣ የእናትን ፓስፖርት ቅጂና የእናትን ደብዳቤ ይይዛል። ከልጅ የሚመጣ የግብዣ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም።

ቆንስሉ ሠራተኛዋን ለብቻዋ ሊያነጋግራት ይችላል፤ እንዲያውም ይህን መጠበቅ ነው። ደመወዝሽ ስንት ነው? በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ? ፓስፖርትሽ ማን ዘንድ ነው? ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ? መልሱን ማስጠናት አይገባም፤ ውሉን በእርግጥ ማወቅ አለባት። የተሸመደደ መልስ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል፤ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ ሰው ግን በራሱ አነጋገር ይመልሳል። ቀጠሮ ሲያዝ የሚመቻት ቋንቋ ይጠቀስ፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናት ከሆነ በአማርኛ እየተንተባተበች እንዳትጎዳ።

ለቢ1 የቤት ሠራተኞች ስለ መብታቸው የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍ በቃለ መጠይቁ ላይ እንዲሰጣቸው የአሜሪካ ሕግ ያዛል። ጽሑፉን ከእሷ አትውሰዱባት። በውስጡ ያለው ነፃ የእርዳታ ስልክ መስመር 1-888-373-7888 ሲሆን በአስተርጓሚ ያነጋግራል። ይህን ቁጥር ከጅማ ሳትወጣ እንድታውቀው ማድረግ የአሠሪዋም የልጆችም ግዴታ ነው ብለን እናምናለን፤ ሰው በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በሰው ቤት ሲያድር የሚጠራው አንድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው። ከተፈቀደ ፓስፖርቱ እዚያው ይቀራል። 221 ጂ የሚል ወረቀት ከተሰጠ የጎደለ ሰነድ ወይም ተጨማሪ ማጣራት አለ ማለት ነው፤ የተጠየቀውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። 214 ቢ ከሆነ ተመላሽ መሆናቸው አላሳመነም ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም፤ እንደገና መክፈልና ማመልከት ግን ይቻላል። ምንም ነገር ሳይቀየር በወሩ ደግሞ ማመልከት ብር መበተን ነው። እናት ተፈቅዶላቸው ሠራተኛዋ ልትከለከል ትችላለች፤ ያኔ እናት ብቻቸውን ይሄዱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደረጃ 6፦ ቪዛው ከተሰጠ በኋላ

ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ የጎብኚ ቪዛዎች ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ናቸው። 3 ወሩ የመግቢያ ጊዜ እንጂ የመቆያ ጊዜ አይደለም። ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው መኮንን ነው፤ ቀኑም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ትኬት የሚቆረጠው ቪዛው ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የሚገዛ ትኬት ብዙ ቤተሰብ አክስሯል።

ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት በጅማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሥራ ከአገር የሚወጡ ዜጎችን ስለሚመለከት፣ «የቤት ሠራተኛ ነኝ» የምትል ወጣት ቦሌ ላይ ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለች። መልሱን በጽሑፍ አግኝታችሁ ከውሉ ጋር ያዙት። «ዝም ብላ ጎብኚ ነኝ ትበል» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት፤ ቪዛዋ ሌላ፣ አፏ ሌላ ይሆናል።

ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን ይጓዙ፤ ደለስ ላይም በአንድ መስኮት አብረው ይቅረቡ። ውሉና የደመወዝ ማስረጃው በእጅ ሻንጣ ይሁን እንጂ በተጫነው ውስጥ አይግባ። ቡና ጥሬውም የተቆላውም ይገባል፤ ቋንጣ ግን አይገባም፣ የያዙትንም ምግብ ሁሉ ማስመዝገብ ግድ ነው። በማግሥቱ የሁለቱንም አይ-94 ከድረ ገጹ አትማችሁ ቀኖቹን አስተያዩ፤ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉና። የመውጫው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። አሜሪካውያን ወሩን ከቀኑ አስቀድመው ስለሚጽፉ 03/04 ማለት ማርች 4 ነው። ማራዘም ከተፈለገ ቀኑ ሳያልፍ በአይ-539 ቅጽ ይጠየቃል።

የሥራ ፈቃዷ የሚጠየቀው በአይ-765 ቅጽ ነው። የማመልከቻው ምድብ «ሲ17» ሲሆን በወረቀት ሲቀርብ ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 520 ዶላር ነው። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይላክ፤ ከውሉ፣ ከአይ-94 እና ከእናት ቪዛ ቅጂ ጋር። ካርዱ ሲደርስ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥር ይወጣል፤ በስሟ የባንክ ሒሳብ ተከፍቶም ደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ እዚያ ይገባል። በ2026 ለአንድ የቤት ሠራተኛ በዓመት 3,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የከፈለ አሠሪ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ግብር አለበት፤ ከአሠሪ 7.65 በመቶ፣ ከሠራተኛ 7.65 በመቶ። ይህን የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ አስቀድማችሁ ያዙ። የሥራ ሰዓቷንም በየቀኑ በደብተር መዝግቡ፤ ሁለቱ በየሳምንቱ ይፈርሙበት።

ልጅ የሚኖረው ለንደን ወይም ማንችስተር ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው። እንግሊዝ ለዚሁ የተለየ የቤት ሠራተኛ ቪዛ አላት። ሠራተኛዋ 19 ዓመት የሞላት፣ ለአሠሪዋ ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራች መሆን አለባት፤ አሠሪዋም ከ6 ወር ላልበለጠ ጉብኝት የሚሄዱ መሆን አለባቸው። ቪዛው ለ6 ወር ብቻ ነው፤ አይራዘምም። የተለየ የሥራ ፈቃድ ካርድ አያስፈልግም። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 12.71 ፓውንድ ነው። የዓመቱ ማስረጃ የሚደራጀው ግን ከላይ በደረጃ 1 በተጻፈው መንገድ ነው።